የካሜራው ስንቅ

ባትሪን ቶሎ የሚገድለው የሥራ ብዛት ሳይሆን ከአሮጌ ዘመን የወረስነው አያያዝ ነው

ቅዳሜ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ በአዲስ አበባ አንድ የፎቶ ስቱዲዮ የኋላ ክፍል ውስጥ፣ ዲቫይደሩ ላይ ባዶ ቀዳዳ የለም። ወሩ ጥር ነው፤ ነገ ሰርግ አለ። ሁለት የካሜራ ቻርጀሮች ብርቱካናማ መብራታቸውን ብልጭ ድርግም ያደርጋሉ። በአጠገባቸው የፍላሽ ድንጋዮች አራት አራት ሆነው ተደርድረዋል፤ ከጥግ ደግሞ የቪዲዮ ካሜራው ትልቅ ባትሪ ተሰክቷል። የስቱዲዮው ባለቤት ጃኬቱን ሳያወልቅ ቆሞ መብራቶቹን በየተራ ያያል።

ሥራው ጎህ ሳይቀድ ከሙሽራው ቤት ይጀምራል። ከዚያ የሙሽራዋ ደጃፍ፣ ሙሽሮቹ የወላጆቻቸውን ጉልበት የሚስሙበት ሰዓት፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መናፈሻው፣ አዳራሹ ይከተላል። ማታ የመጨረሻው ጭፈራ እስኪያልቅ ድረስ ካሜራው አይጠፋም።

«ካሜራ ቢበላሽ ከጓደኛ ይዋሳሉ፤ ካርድ ቢሞላ ይቀይራሉ» ይላል ባለቤቱ። «ባትሪ ሲዘጋብህ ግን ሌላውን ከቦርሳ እስክታወጣ እናትየው ጉልበቷን አስማ ጨርሳለች። ድገሙልኝ አይባልም።»

ረዳቱ፣ ገና ሙያውን በመልመድ ላይ ያለ ወጣት፣ አንድ ባትሪ አንስቶ ያሳየዋል። «ጋሼ፣ ይሄ ገና ግማሽ አለው። መጀመሪያ ልጨርሰውና ልሰካው?»

«አትጨርሰው። እንዳለ ሰካው።»

ወጣቱ ጥያቄውን ከራሱ አላመነጨውም። ባትሪ ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ ቻርጅ ከተደረገ ይበላሻል የሚለውን ምክር ከታላላቆቹ ሰምቷል። እነሱም ከታላላቆቻቸው ሰምተዋል። ምክሩ በዘመኑ እውነት ነበር። የተነገረለት ባትሪ ግን ዛሬ በካሜራው ውስጥ የለም።

ከማን የወረስነው ልማድ ነው?

ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በፊት ብዙ ፎቶ አንሺ ባትሪን እንደ ዋና ችግር አይቆጥረውም ነበር። እንደ ዜኒት-ኢ ያሉት የሶቪየት ካሜራዎች ያለ ባትሪ ይሠራሉ፤ የብርሃን መለኪያቸው እንኳ ኃይሉን የሚያገኘው ከራሱ ከብርሃኑ ነው። ባትሪ የሚባለው በአብዛኛው የሬዲዮና የእጅ መብራት ድንጋይ ነበር። የደከመውን ድንጋይ ፀሐይ ላይ ማስጣትን የማያስታውስ አንባቢ ጥቂት ነው። ዘዴው ከንቱ አልነበረም። በድንጋዩ ውስጥ የሚካሄደው ኬሚካዊ ሂደት ሲሞቅ ይፈጥናልና በውስጡ የቀረችው ጥቂት ኃይል ለዜና ያህል ትወጣለች። ድንጋዩ ግን አልተሞላም።

ከዚያ በትከሻ የሚሸከሙት የቪዲዮ ካሜራዎች መጡ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ የሚሠሩት እንደ መኪና ባትሪ ባለ እርሳስና አሲድ ባትሪ ነበር፤ ይህ ባዶ ሆኖ መቀመጥን ፈጽሞ አይወድም። ሌሎቹ በኒኬል ካድሚየም ይሠሩ ነበር። ይህን ባትሪ ስዊድናዊው ቫልደማር ዩንግነር የፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው። ጠባዩ ከመጀመሪያው የተለየ ነው፤ ደጋግሞ ግማሽ ላይ እያለ ከተሞላ ያቺን ግማሽ «ይለምዳል»፣ ከዚያ በላይ መስጠት ይሳነዋል። መድኃኒቱ ጨርሶ ማሟጠጥና እንደገና መሙላት ነበር።

ሞባይል ስልክ ሲገባ ደግሞ ሌላ ትእዛዝ ተጨመረ፤ አዲስ ባትሪ መጀመሪያ ስምንት ሰዓት፣ እንዲያውም ሌሊቱን ሙሉ መሰካት አለበት ተባለ። ሻጩ ይህን ሳይናገር ስልክ አይሸጥም ነበር።

እነዚህ ምክሮች ሁሉ፣ ፀሐይ ላይ ማስጣቱም፣ ማሟጠጡም፣ ሌሊቱን መሰካቱም፣ ዛሬ በአንድ ላይ በሊቲየም ባትሪ ላይ ወድቀዋል። እሱ የሚፈልገው ደግሞ በአብዛኛው የእነሱን ተቃራኒ ነው።

« ሊቲየም ባትሪ እስኪሟጠጥ መጠበቅ አያሻውም። ባገኙት ሰዓት መሙላት ነው። »

ለካሜራ የተወለደ ባትሪ

የሊቲየም አዮን ባትሪ ታሪክ ከካሜራ ጋር የተሳሰረ ነው። መሠረቱን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ስታንሊ ዊቲንግሃም ጣለ። ጆን ጉዲነፍ በ1980 በኦክስፎርድ ሳለ የኮባልት ኦክሳይዱን ዘዴ አመጣ፤ ጃፓናዊው አኪራ ዮሺኖ ደግሞ በ1985 ለአጠቃቀም አስተማማኝ የሆነውን ቅርጽ ሠራ። ሶኒ በ1991 ለገበያ ሲያቀርበው ቀዳሚ ሥራው በእጅ የሚያዝ ቪዲዮ ካሜራን ማንቀሳቀስ ነበር። ሦስቱ ሳይንቲስቶች በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። ጉዲነፍ በዚያን ጊዜ የ97 ዓመት አዛውንት ነበሩ።

በውስጡ የሚሆነው እንዲህ ነው። የሊቲየም አዮኖች ቻርጅ ሲደረግ ወደ ግራፋይቱ ወገን ይሄዳሉ፤ ካሜራው ሲሠራ ወደ ኦክሳይዱ ይመለሳሉ። በየምልልሱ ጥቂቶቹ መንገድ ላይ ይቀራሉ። ባትሪ የሚያረጀው በዚህ ነው። ከ300 እስከ 500 የሚደርስ ሙሉ ምልልስ ከሄደ በኋላ አቅሙ ጎላ ብሎ መቀነሱ የተለመደ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። «አንድ ምልልስ» ማለት ሶኬት ላይ አንድ ጊዜ መሰካት ማለት አይደለም። ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ የተሞላ ባትሪ የሄደው አንድ ምልልስ ነው። ስለዚህ ረዳቱ ግማሽ ያለውን ባትሪ በመሰካቱ ዕድሜውን አልቀነሰበትም፤ ቢያሟጥጠው ኖሮ ይበልጥ ይጎዳው ነበር።

የተለመደው የባለሙያ ካሜራ ባትሪ ላይ 7.2 ቮልት ተብሎ ተጽፎ እናያለን። በውስጡ በተከታታይ የተያያዙ ሴሎች አሉ፤ እያንዳንዱ ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል። ጥሩ ቻርጀር መጀመሪያ ላይ ፈጥኖ ያስገባል፤ ወደዚያ ልክ ሲቃረብ ቮልቴጁን ባለበት ይዞ ፍሰቱን ይቀንሳል። አፈ ጠባብ እንስራ የሚሞላ ሰው መጨረሻ ላይ እጁን እንደሚያዘገየው ማለት ነው። ለዚህ ነው የመጨረሻዋ ሩብ ብዙ ጊዜ የምትወስደው።

ይህን የሚያውቅ ፎቶ አንሺ በችግር ቀን ይጠቀምበታል። በቤተ ክርስቲያኑና በአዳራሹ መካከል አንድ ሰዓት ብቻ ካለው፣ አንዱን ባትሪ እስከ ጫፍ ከሚሞላ ሁለቱን በየተራ ግማሽ ሰዓት ቢሰካ የተሻለ ኃይል ይዞ ይወጣል። የካኖን ኤልሲ-ኢ6 ቻርጀር ይህንን በመብራቱ ይናገራል፤ አንዴ ብልጭ ሲል ከግማሽ በታች፣ ሁለቴ ሲል ከግማሽ በላይ፣ ሦስቴ ሲል ከሦስት አራተኛ በላይ ማለት ነው። አረንጓዴው የሚበራው ሲሞላ ነው።

መሳቢያ ውስጥ የሚሞት ባትሪ

ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግን አንድ ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ የወዳደቁ የካሜራ ባትሪዎች አሉ። አብዛኞቹ ብዙ ሠርተው የደከሙ አይደሉም ይላል። «ሰውየው ካሜራውን ከአሜሪካ ያስመጣዋል። ሁለት ክርስትናና አንድ ምርቃት ያነሣበታል። ከዚያ ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል። ከዓመት በኋላ ሲሰካው ቻርጀሩ አይቀበለውም።»

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ባትሪ ሳይሠራም ጥቂት በጥቂት ይፈሳል፤ ካሜራ ውስጥ ተረስቶ ከሆነ ደግሞ ካሜራው ተዘግቶም ቢሆን ሰዓቱንና ቀኑን ለመጠበቅ ከእሱ ይቀዳል። ባዶ ሆኖ የተቀመጠ ሊቲየም ከተወሰነ ልክ በታች ሲወርድ በውስጡ ያለው መዳብ መሟሟት ይጀምራል። ቻርጀሩ «አልቀበልም» የሚለው ለዚህ ነው፤ ይህ ክልከላ ጥበቃ ነው። አንዳንዶች ከሌላ ባትሪ ሽቦ አገናኝተው የሞተውን «ያስነሡታል»። ባትሪው ለጥቂት ቀን ይሠራ ይሆናል። የሟሟው መዳብ ግን በውስጡ ሌላ ቦታ ላይ ይጋገርና ሁለቱን ወገን ሊያገናኝ ይችላል። ያኔ የሚከተለው እሳት ነው። በእኔ እምነት በዚህ መንገድ የተነሣን ባትሪ የሙሽራ ልብስ ባለበት ክፍል ውስጥ መሰካት ይቅርታ የሌለው ድፍረት ነው።

ሙሉ አድርጎ ማስቀመጥም መፍትሔ አይደለም። ሙሉ የሆነ ሊቲየም ውስጡ ውጥረት ላይ ነው፤ ሙቀት ከተጨመረበት ሥራ ሳይሠራ ያረጃል። በመኪና መስታወት ሥር የሚውል የካሜራ ቦርሳ፣ በቴሌቪዥን ጀርባ ወይም በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ባትሪ ሁሉ ዕጣው ይኸው ነው። ፀሐይ ላይ ማስጣቱማ ለዚህ ባትሪ ፍጹም ጠላት ነው።

ለጥቂት ወራት ካሜራውን የማይነካ ሰው ማድረግ ያለበት ቀላል ነው። ባትሪውን ከካሜራው ያውጣው፤ ከ40 እስከ 50 በመቶ ገደማ ላይ ይተወው፤ የብረት ነጥቦቹን በክዳኑ ሸፍኖ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ያስቀምጠው። በየሦስትና በየአራት ወሩ አንዴ ይየው። ከሥራው በፊት ባለው ማታ ሙሉ ያድርገው።

« ባትሪ ለሥራ ይሞላል፤ ለዕረፍት ግማሽ ላይ ይተዋል። »

መብራት ሄደች፣ መብራት መጣች

ወደ ስቱዲዮው እንመለስ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ሲል መብራት ጠፋ። ማንም አልደነገጠም። ባለቤቱ በስልኩ ብርሃን መጀመሪያ ያደረገው ነገር ቻርጀሮቹን ከሶኬት መንቀል ነው። መብራት ተመልሳ ስትመጣ ከነግፊቷ ትመጣለች፤ በዚያች ቅጽበት የሚዘለው ቮልቴጅ ባትሪውን ባይነካ እንኳ ቻርጀሩን ሊያቃጥል ይችላል። መብራቱ መጥቶ ጥቂት ደቂቃ ሲረጋ መልሶ ይሰካል። ይህ ከየትኛውም መመሪያ መጽሐፍ ያልተገኘ፣ ብዙ ቻርጀር ከተቃጠለ በኋላ የተማሩት የከተማችን ዕውቀት ነው፤ ትክክልም ነው።

የዛሬ ቻርጀሮች አብዛኞቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላሉ። ከዋሽንግተን ወይም ከዳላስ ዘመድ የላከው ቻርጀር እዚህ 220 ቮልት ላይ ለመሥራት የሚያስፈልገው የሶኬቱን ጥርስ የሚያስማማ ማገናኛ ብቻ ነው። ይሁንና ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳያነቡ መሰካት አያስፈልግም። «110» ብቻ የሚል አሮጌ ዕቃ ከተገኘ ትራንስፎርመር የግድ ነው።

አዲሶቹ ካሜራዎች በዩኤስቢ ሲ ገመድ ከፓወር ባንክ ቻርጅ መደረጋቸው እንደ እኛ መብራት ለሚቆራረጥበት አገር ትልቅ እፎይታ ነው። አንዳንዶቹ ግን ማንኛውንም ፓወር ባንክ አይቀበሉም፤ ፓወር ዴሊቨሪ የሚባለውን አሠራር የሚያውቅ መሆን አለበት። ሰውየው ገዝቶ ገጠር ከወረደ በኋላ ከሚያዝን ሱቁ በር ላይ ካሜራውን ሰክቶ ቢያይ ይሻለዋል።

ፍላሹ የሚበላው ድንጋይ

አዳራሽ ውስጥ ከካሜራው ቀድሞ የሚደክመው ፍላሹ ነው። አብዛኛው ፍላሽ አራት ድንጋይ ይፈልጋል። ከሱቅ የሚገዛው አልካላይን 1.5 ቮልት ነው፤ ቻርጅ የሚደረገው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ 1.2 ቮልት። ቁጥሩን ያየ ሰው የመጀመሪያው ይበልጣል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። በሥራ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ፍላሽ በአንድ ጊዜ ብዙ ፍሰት ይስባል፤ ኒኬሉ ይህን ሳይጨናነቅ ይሰጣል። ስለዚህ ፍላሹ ለቀጣዩ ብልጭታ ቶሎ ይደርሳል።

የቀድሞዎቹ ኒኬሎች ተሞልተው ሳምንታት ሲቀመጡ ብዙውን ያፈሱ ነበር። ሳንዮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2005 ኢኔሉፕን ካወጣ ወዲህ ይህ ተለወጠ። እነዚህኞቹ ወራት ተቀምጠውም አብዛኛውን ኃይላቸውን ይዘው ይገኛሉ።

የፍላሽ ድንጋይ ምሥጢሩ ኅብረት ነው። አራቱ አብረው ተገዝተው፣ አብረው ሠርተው፣ አብረው መሞላት አለባቸው። ከአራቱ አንዱ ደካማ ከሆነ ቀድሞ ያልቅና ሦስቱ በእሱ ውስጥ በግድ ኃይል ሲያሳልፉ ይገለበጣል፤ ከዚያ በኋላ አይረባም። አንድ የቆየ የሰርግ ፎቶ አንሺ እያንዳንዱን አራት በቀለም ነጥብ ለይቷል። ቀዮቹ ከቀዮቹ፣ ሰማያዊዎቹ ከሰማያዊዎቹ ሌላ አይሰኩም። ቻርጀር ሲመርጡም እያንዳንዱን ድንጋይ ለብቻው የሚያይና ሲሞላ የሚያቆም መሆኑን መጠየቅ ተገቢ ነው። እጅ የሚያቃጥል እስኪሆን የሚያሞቅ ርካሽ ቻርጀር ድንጋዩን በጥቂት ወራት ይጨርሰዋል። አልካላይን ድንጋይ ደግሞ ቻርጀር ውስጥ ፈጽሞ አይገባም፤ ይፈሳል፣ አንዳንዴም ይፈነዳል።

ከከተራ እስከ ስሜን

ጥር 10 ማታ፣ ጎንደር። ታቦታቱ ከየአድባራቱ ወጥተው በፋሲለደስ መዋኛ ሲያድሩ ፎቶ አንሺዎችም አብረው ያድራሉ። በዚያ ሕዝብ መካከል የሚሰካበት ሶኬት የለም። በማግስቱ ማለዳ ውኃው ተባርኮ ወጣቶች ከየዛፉ ወደ ውስጥ ሲዘልሉ ያቺን ቅጽበት የሚይዘው ኃይሉን ሌሊቱን ያልበተነ ሰው ነው።

ኃይል የሚበላውን ማወቅ ግማሽ ሥራ ነው። መስታወት ያላቸው የቀድሞዎቹ ካሜራዎች በዓይን መመልከቻው ሲታዩ ኃይል አይበሉም ማለት ይቻላል። መስታወት አልባዎቹ ግን ማያቸው ሁልጊዜ በርቷል። የጃፓን ካሜራ አምራቾች ማኅበር ባወጣው መለኪያ የካኖን 5ዲ ማርክ 3 በአንድ ባትሪ 950 ያህል ፎቶ ሲያነሣ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የመጀመሪያው ሶኒ ኤ7 340 ያህል ብቻ ነበር። ብዙ ፎቶ አንሺ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ባትሪው የተበላሸ የመሰለው ለዚህ ነው። ካነሡ በኋላ እያንዳንዱን ፎቶ ማየት፣ ዋይፋይና ጂፒኤስ ሳይጠፉ መተው፣ የማያውን ብርሃን ጫፍ ላይ ማድረግ፣ እነዚህ ሁሉ ሌሊቱን ሙሉ ሲቀዱ ያድራሉ።

ከጎንደር ወደ ስሜን ተራሮች ሲወጣ ብርዱ ይጨመራል። ሳንቃበር ወይም ጨነቅ ላይ ድንኳን ጥሎ ያደረ ሰው ማለዳ ጭላዳዎቹ ፀሐይ ሊሞቁ ሲወጡ ካሜራውን ከፍቶ «ባትሪ አልቋል» የሚል ምልክት ያያል። ማታ ሙሉ ነበር። በእርግጥ አላለቀም። ብርድ የውስጡን ሂደት ስላዘገየው ቮልቴጁ ወረደ፤ ካሜራውም ባዶ መሰለው። ባትሪውን አውጥቶ ጋቢ ውስጥ፣ ገላ አጠገብ ቢይዘው ነፍስ ይዘራል። አካባቢውን የሚያውቁ አስጎብኚዎች እንግዶቻቸውን ባትሪ ይዛችሁ ተኙ የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። ዜሮ ዲግሪ ላይ ወይም ከዚያ በታች እያለ ግን መሰካት የለበትም፤ ሊቲየሙ በግራፋይቱ ላይ እንደ ብረት ተጋግሮ ባትሪውን ለዘለቄታው ይጎዳዋል። መጀመሪያ ይሙቅ።

በዳናኪል ጉዳዩ ይገለበጣል። ዳሎል ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች፣ በዓለም እጅግ ሞቃት ከሚባሉት ቦታዎች አንዷ ናት። የካሜራ ቻርጀሮች በአብዛኛው ከ40 ዲግሪ በላይ እንዳይሠሩ አምራቾቹ ያስጠነቅቃሉ። እዚያ ቀን ላይ በመኪና ውስጥ መሰካት ባትሪውን አውቆ መግደል ነው። ሌሊት ነፈስ ሲል ይሰካ።

ገበያው ላይ

በብዙ የካሜራ ዕቃ መሸጫዎች ሁለት ባትሪ ጎን ለጎን ይቀርባል። አንዱ ውድ ነው፣ ሌላው ርካሽ፤ ሁለቱም ላይ የአምራቹ ስም አለ። የሌላ ኩባንያ ባትሪ መሆኑን በግልጽ የሚናገር ዕቃ በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ደህና የሆኑ አሉ። አደገኛው በሰው ስም የተለበጠው ነው። የመጀመሪያው ምልክት ቁጥሩ ነው። ዋናው የካኖን ኤልፒ-ኢ6ኤን 1865 ሚሊ አምፒር ሰዓት ይላል። በዚያው መጠን ላይ ከዚህ እጥፍ ሊደርስ ጥቂት የቀረው ቁጥር የጻፈ ሰው እየዋሸ ነው። ክብደቱ ከዋናው የቀለለ፣ ጽሑፉ የደበዘዘ፣ ካሜራው ውስጥ ሲገባ የሚጠብቅ ከሆነ አይግዙት። ካሜራው ራሱ «ከባትሪው ጋር መግባባት አልቻልኩም» ሲል መልእክቱን አልፎ መሄድ የለመደ ሰው ብዙ ነው። መልእክቱ የሚመጣው በምክንያት ነው።

የባትሪን ዕድሜ ካሜራው ይነግራል። ካኖን በባትሪ መረጃ ገጹ ሦስት አረንጓዴ ሣጥኖች ያሳያል፤ ቀይ ሲሆን መቀየር አለበት። ኒኮን ከ0 እስከ 4 ይቆጥራል፤ 4 መጨረሻው ነው። ይህን ገጽ አንድም ቀን ከፍተው የማያውቁ የዓመታት ባለሙያዎች አሉ።

ቦሌ ላይ

ባትሪ ይዞ መብረርን በሚመለከት ሕጉ ግልጽ ነው። ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው አይገባም። እስከ 100 ዋት ሰዓት ድረስ ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል፤ የተለመደው የካሜራ ባትሪ 14 ዋት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። የብረት ነጥቦቹ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር እንዳይገናኙ በክዳን ወይም በፕላስተር መሸፈን አለባቸው።

ይህ ጥንቃቄ ከእኛ የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2013 የቦይንግ 787 አውሮፕላኖች በባትሪያቸው ምክንያት በመላው ዓለም ቆመው ነበር፤ ሚያዝያ ላይ መጀመሪያ ወደ በረራ የመለሳቸው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው፣ ከአዲስ አበባ ናይሮቢ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ሂትሮው ላይ ቆሞ በነበረ የአየር መንገዱ 787 ላይ እሳት ተነሣ። መርማሪዎች መነሻውን ያገኙት በዋናው ባትሪ ሳይሆን በአደጋ ጊዜ ቦታ ጠቋሚ መሣሪያ ውስጥ በነበረች ትንሽ የሊቲየም ባትሪ ነው። በሰዓቱ ተሳፋሪ አልነበረበትም።

ከሰርጉ በፊት

ካሜራ ያለው አንባቢ ዛሬ ማታ ባትሪዎቹን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ያውጣ። እያንዳንዱ ላይ ቁጥርና የተገዛበትን ወር ይጻፍ። የብረት ነጥቦቹን በደረቅ ጨርቅ ይጥረግ። የካሜራውን የባትሪ ገጽ ከፍቶ ዕድሜውን ይይ። ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የሚወዛወዝ፣ ጎኑ ያበጠ ወይም ከካሜራው ለመውጣት የሚያስቸግር ባትሪ ካለ ከዚህች ሰዓት ጀምሮ አይሰካ፣ አይበሳ፣ ከሚቃጠል ቆሻሻ ጋር አይጣል። ነጥቦቹ በፕላስተር ተሸፍነው፣ ከሚቀጣጠል ነገር ተለይቶ ይቀመጥና ኤሌክትሮኒክስ ለሚረከብ ይሰጥ። ስቱዲዮ ያላችሁ ደግሞ ለረዳቶቻችሁ ይህን ንገሯቸው፤ «ጨርሰህ ሰካ» የሚለው ምክር አሁንም ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ ነው።